‘ቴኒስ እችላለሁ’ ለምትሉ ሁሉ

በዚህ ከተማ ሰው ስለ ቴኒስ ችሎታው ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው “ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ” ነው (ትርጉሙ፦ በጣም እችላለሁ፣ ግን ትሑት ነኝ)። ሁለተኛው “ድሮ ድሮ እጫወት ነበር” ነው (ትርጉሙ፦ በጣም እችል ነበር፣ ማስረጃ ግን አትጠይቁኝ)። ሦስተኛው “አሪፍ ነኝ” ነው (ይሄኛው እንኳ ቢያንስ ግልጽ ሰው ነው)። አራተኛ መልስ ሰምተን አናውቅም። “ከእገሌ ጋር አሥር ጊዜ ገጥሜ ሦስቴ አሸንፌዋለሁ፤ ሰባቱን በልቶኛል” የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመንም። ካለ ጠቁሙን፣ ማኪያቶ እንጋብዘዋለን።

ጠባችን የሚጀምረው ከዚህ ነው። በአዲስ አበባ ለመዝናናት ቴኒስ የሚጫወት ሰው ደረጃ የሚወጣለት በጨዋታ ሳይሆን በዓይን ነው። ዓይኑ ደግሞ ከኳሱ በፊት የሚያርፈው ጫማው ላይ ነው። ነገሩ ቀልድ ይመስላል። ግን በዚህ ቀልድ ምክንያት ሜዳ የሚነፈጉ ልጆች አሉ። ስለዚህ እንጣላ።

ጉለሌ ዳኛ አላት

መፍትሔ ፍለጋ ዊምብልደን ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ፣ ወይም ከሩፋኤል ወደ አዲሱ ገበያ በእግራችሁ ሂዱ። ሱቅ በር ላይ ጆተኒ ተዘርግቷል። አለፍ ስትሉ ደግሞ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን ተራ የሚጠብቅ ወጣት አለ። የዚህ ፍርድ ቤት ሕግ አጭር ነው፦ የተሸነፈ ይወጣል፣ የተሸነፈ ይከፍላል። በቃ!

እዚያ ጠረጴዛ ላይ ማንም “የት ነው የተማርከው?” ብሎ አይጠይቅም። ማንም የባቱን ብራንድ አያነብም። ኮንጎ ጫማ ያደረገ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አዲስ ስኒከር ያደረገውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አራግፎ ከጠረጴዛው ያስወጣዋል፤ ተማሪውም ከኪሱ ሳንቲም እየፈለገ ይወጣል። አንድ ወር እዚያ ብትቆሙ የሰፈሩ ደረጃ ሰንጠረዥ በቃላችሁ ይገባል፦ ማን አንደኛ ነው፣ ማን ማንን አይችልም፣ ማን ግራኝ ሲገጥመው ይደናገራል። ወረቀት የለም፣ ፌዴሬሽን የለም። ግን ማንም አይዋሽም፤ ምክንያቱም ብትዋሽ “ና ግባ!” ትባላለህ።

ከጠረጴዛው ቀና ብላችሁ ወደ እንጦጦ ብትመለከቱ ደግሞ ሁለተኛው ዳኛ አለ፦ ሰዓት። በማለዳ ዳገቱን ከሚወጡት ሯጮች መካከል “እኔ እኮ ከቀነኒሳ አላንስም” የሚል የለም። ቀነኒሳ እ.ኤ.አ. በ2004 ሄንግሎ ላይ 5,000 ሜትሩን በ12 ደቂቃ ከ37.35 ሰከንድ ጨረሰ፤ ክብረ ወሰኑ እስከ 2020 ድረስ ቆመ። ለመከራከር የፈለገ ሰው ሰዓቱን ይዞ ይምጣ። ሰዓት ይሉኝታ የለውም። ዘመድም የለውም።

ሜዳ ቴኒስስ? ሜዳ ቴኒስ ግን ከአጥር ጀርባ ነው። ሆቴል ውስጥ፣ ክበብ ውስጥ፣ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ። ከጎን ቆሞ ተራ የሚጠብቅና የሚቆጥር የሰፈር ልጅ የለም። ሁለት ጓደኛሞች አንድ ሰዓት ኳስ ተቀባብለው፣ ነጥብ ሳይቆጥሩ፣ ላባቸውን ጠራርገው ይወጣሉ። ሁለቱም ያሸነፉ ይመስላቸዋል። ጉራ የሚበቅለው እንዲህ ያለ፣ ተመልካች የሌለው ለምለም መሬት ላይ ነው።

አምስቱ የውሸት ሚዛኖች

እስኪ ሰው የሚመዘንባቸውን አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛ፣ ራኬት። ሮጀር ፌደረር የያዘውን ዓይነት ራኬት መያዝ የፌደረርን ያህል መክፈል መቻልን ያሳያል። ሌላ ምንም አያሳይም።

ሁለተኛ፣ ዘመን። “አሥራ አምስት ዓመት ተጫውቻለሁ።” ከማን ጋር? ከአንድ ጓደኛህ ጋር፣ ያውም ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ያውም ዝናብ ካልጣለ። ይህ አሥራ አምስት ዓመት አይባልም፤ አንድ ዓመት አሥራ አምስት ጊዜ ተደግሟል።

ሦስተኛ፣ ጉልበት። በየሜዳው “የእሱ ሰርቭ እኮ አይታይም!” የሚባልለት ሰው አለ። እዚህ ላይ የሚመሰገነው ማን እንደሆነ እንጠይቅ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ጉለሌ ደግሞ ከዚያም ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ክፍለ ከተማ ነው፤ የተራራው አናት 3,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ሳስቶ ነው የሚገኘው። ኳሷን ይዞ የሚያዘገያት አየር ስለሳሳ ትፈጥናለች፣ ርቃ ትሄዳለች፣ ስትነጥርም ከፍ ትላለች። የቴኒስ ሕግ ራሱ ይህን አውቆ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆኑ ቦታዎች የተለየ ኳስ ፈቅዷል፤ እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምንጫወተው በተገኘው ኳስ ነው። እንግዲህ ያ “የማይታይ” ሰርቭ ግማሹ የወንድማችን ክንድ ቢሆን፣ ግማሹ የእንጦጦ ስጦታ ነው። ልጁን ጅቡቲ ወስዳችሁ አጫውቱት፤ ሰርቩ ወዲያው መታየት ይጀምራል። እንዲያውም በዚህ ከተማ የችሎታ ምልክቱ ተቃራኒው ነው። ኳስ በምትበርበት አገር ኳስን መስመር ውስጥ ማስቀረት የቻለ፣ እሱ ይችላል።

አራተኛ፣ አንዲት የተዋበች ምት። ሁላችንም በወር አንዴ ጥግ ላይ ነጭ አቧራ የምታስነሳ ፎርሃንድ ይወጣልናል። ከዚያ ወር ሙሉ ስለሷ እናወራለን። ፌደረር እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ዳርትመዝ ኮሌጅ ለተመራቂዎች ሲናገር አንድ ሒሳብ ጠቅሶ ነበር። በሙያ ዘመኑ ካደረጋቸው 1,526 የነጠላ ግጥሚያዎች ወደ 80 በመቶ ያህሉን አሸንፏል፤ ከነጥቦቹ ግን ያሸነፈው 54 በመቶ ብቻ ነው። አስቡት! የዘመኑ ንጉሥ ከመቶ ነጥብ አርባ ስድስቱን ይሸነፍ ነበር። ስለዚህ አንድ ነጥብ፣ አንድ ምት፣ አንድ ቅዳሜ ስለማንም ምንም አይናገርም። ችሎታ የምትታየው ብዙ ነጥብ ተቆጥሮ ሲደመር ነው። የማይቆጥር ሰው ደግሞ ስለ ችሎታው የሚያውቀው ነገር የለም።

አምስተኛ፣ የአሠልጣኝ ቃል። ይሄ ጠንከር ያለ ነው። አሠልጣኙ በሰዓት የሚከፈለው ሰው ነው። ደንበኛውን “ወንድሜ፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ጀማሪ ነህ” ቢለው ሰኞ ሌላ አሠልጣኝ ጋ ያገኘዋል። ስለዚህ “በጣም አሻሽለሃል!” ይላል። እኛ አሠልጣኙን አንወቅሰውም፤ ቤት ኪራይ አለበት። የምንወቅሰው ምስጋናን ከነክፍያው ገዝቶ እንደ ዲፕሎማ የሚሰቅለውን ደንበኛ ነው።

በሽታው የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ዩጎቭ የተባለው የእንግሊዝ የሕዝብ አስተያየት ድርጅት እንግሊዛውያንን ጠይቆ ነበር፦ ከሴሬና ዊሊያምስ ጋር ብትጫወቱ አንድ ነጥብ ማግኘት ትችላላችሁ? ከወንዶቹ 12 በመቶው “አዎ” አሉ። ሃያ ሦስት የግራንድ ስላም ዋንጫ ካነሣች ሴት ላይ! ጉራ ፓስፖርት አይጠይቅም ለማለት ያህል ነው።

ለጋሼ እንቆማለን

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በየቴኒስ ሜዳው አንድ ጋሼ አሉ። ታውቋቸዋላችሁ። ስልሳን አልፈዋል፣ ጉልበታቸው ላይ ፋሻ አለ፣ ባክሃንዳቸው ዝንብ የሚያባርሩ ያስመስላቸዋል። ሰርቫቸው ከመረቡ በላይ እየተንሳፈፈች፣ ሰላምታ እየሰጠች ነው የምታልፈው። ግን ጋሼ ኳስ አያበላሹም። የመታችሁትን ሁሉ ይመልሳሉ። ግራ ብትልኩ መለሱ፣ ቀኝ ብትልኩ መለሱ፣ ተናዳችሁ ባላችሁ ኃይል ስትመቱ ኳሷ አጥር ዘላ ወጣች። ጨዋታው 6 ለ 2 ያልቃል፣ ለጋሼ።

ከዚያ ተሸናፊው ጎረምሳ ወጥቶ ምን ይላል? “እሳቸው እኮ ቴኒስ አይጫወቱም፤ ዝም ብለው ነው የሚመልሱት።”

እንዴ! የቴኒስ ሕግ እኮ ከእናንተ የሚፈልገው ኳሷን ከተጋጣሚያችሁ አንድ ጊዜ አብልጦ መመለስ ነው። ለውበት የሚሰጥ ነጥብ የለም። “ዝም ብሎ መመለስ” የምትሉት ነገር ራሱ ጨዋታው ነው። ጋሼ አብራሪ አውሮፕላን ሳይሆን የገጠር አውቶቡስ ናቸው፤ አያምርም፣ ያደርሳል። እሳቸውን ስድስት ለሁለት ሳታሸንፉ ከእሳቸው በላይ ነኝ ማለት አትችሉም። ሲቆም የሚያምር ሰው ሞዴል ይሁን፤ ሥራውም የተከበረ ነው።

ዓለምም የሚለካው እንዲሁ ነው። አሜሪካኖች ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለተራው ተጫዋች ከ1.0 እስከ 7.0 በግማሽ በግማሽ የሚወጣ መሰላል አላቸው። የእያንዳንዱን ደረጃ መግለጫ ብታነቡ ስለ ፍጥነት የሚያወራው ትንሽ ነው። የሚጠይቀው ኳሷን ደጋግመህ ታስገባለህ ወይ፣ ወደፈለግኸው አቅጣጫ ትልካለህ ወይ፣ ጥልቀት ትሰጣታለህ ወይ፣ ሁለተኛ ሰርቭህ ያስተማምናል ወይ ነው። ዩቲአር የሚባለው ሌላው ስሌት ደግሞ ዓይን የሚባል ነገር ጭራሽ አይጠቀምም። በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ካደረጋችኋቸው ግጥሚያዎች እስከ 30 የሚደርሱትን የመጨረሻዎቹን ይወስዳል፤ ከማን ጋር እንደተጫወታችሁና ስንት ጌም እንደወሰዳችሁ ይቆጥራል። ከእናንተ በጣም የሚበልጥ ሰው 6 ለ 4 ቢያሸንፋችሁ ቁጥራችሁ ከፍ ሊል ይችላል፤ ደካማውን እየታገላችሁ 7 ለ 5 ብታሸንፉ ሊወርድ ይችላል። የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽንም ከ40 ተነሥቶ እስከ 1 የሚወርድ ቁጥር አለው፤ ያውም ከውጤት የሚሰላ።

አስቂኙ ነገር፣ በአሜሪካ የመዝናኛ ሊጎች ትልቁ ማጭበርበር ደረጃን ዝቅ አድርጎ ማውራት ነው። ጎበዙ ደካሞች መሐል ተደብቆ ዋንጫ ለመብላት “እኔ ጀማሪ ነኝ” ይላል፤ ሲነቃበትም ከውድድር ይሰረዛል። እኛ ጋ ዝቅ ብሎ የዋሸ ሰው እስኪገኝ ድረስ መቶ ዓመት እንጠብቅ ይሆናል። እነሱ ቢያንስ ለዋንጫ ይዋሻሉ። እኛ በነጻ።

ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

“ታዲያ ምን አገባችሁ? ሰው ይዝናና፣ ጉራውንም ይንፋ” የምትሉ አላችሁ። እሺ፣ ነገሩ ጉራ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኛም ስቀን እናልፍ ነበር። ግን በዓይን የሚወጣ ደረጃ ዓይን የለመደውን ብቻ ነው የሚያየው።

ሴት ልጅ ራኬት ይዛ ስትመጣ ደረጃዋ በሩ ላይ ይወጣል፦ ጀማሪ። ማንም አልገጠማትም፣ ማንም አልቆጠረም። “ቀስ ብለን እንመታልሻለን” ይሏታል። እሷ ደግሞ ቀስ ተብሎ እየተመታላት ቀስ ብላ ትማራለች፤ ከዚያ “አየህ፣ አልተሳሳትንም” ይላሉ። በር ላይ ከእሷ ጋር እኩል የገባው ወንድሟ ግን “መካከለኛ” ተብሎ የደብል ጨዋታ ውስጥ ይገባል። ሁለቱን አንድ ሴት (የቴኒሱን ሴት ማለታችን ነው) ማጫወት ግማሽ ሰዓት ብቻ ይፈጃል። ያን ግማሽ ሰዓት የሚሰጣት የለም።

ከእሷ የባሰው ኳስ ለቃሚው ነው። የዚህ ከተማ ቴኒስ የቆመው በኳስ ለቃሚዎች ትከሻ ላይ ነው። ዛሬ ሰው ከሚያሠለጥኑት መካከል ቀላል የማይባሉት በልጅነታቸው በየክበቡ ኳስ ሲለቅሙ ያደጉ ናቸው። ልጁ ቀኑን ሙሉ ከመረቡ ሥር ቁጭ ብሎ ያያል፤ ደንበኛ ሲቀር ወይም ሲዘገይ በተበጣጠሰ ራኬት ሁለት ሦስት ኳስ ይመታል። ብዙ ጊዜ ከግቢው አባላት ግማሹን ያሸንፋል። ሁሉም ያውቃል። ግን የትም አልተጻፈም! ውድድር ሲመጣ ስሙ የለም፣ ምርጫ ሲደረግ “ማን ነው እሱ?” ይባላል። ማስረጃ የለውማ። የሀብታም ልጅ አሠልጣኝ የሰጠው ቃል አለው፣ አባት የሚያውቀው ኃላፊ አለው። ለቃሚው ያለው ብቸኛ ንብረት ውጤት ነበር፤ እሱንም የሚቆጥርለት አላገኘም።

ውጤት ካልተጻፈ ቦታው ባዶ አይቀርም፤ ትውውቅ ይሞላዋል። ይህ በቴኒስ ብቻ የሚሆን ነገር እንዳልሆነ የሥራ ማመልከቻ አስገብታችሁ የምታውቁ ሁሉ ታውቁታላችሁ።

“ግን እኮ…”

ሁለት ተቃውሞ እንሰማለን።

“ደረጃ ማውጣት ሰው ያዋርዳል።” ይሄ ይሉኝታችን ነው የሚናገረው። ሰውን የሚያዋርደው ደረጃው ሳይሆን አለመመጣጠኑ ነው። ያለ አቅሙ ከጎበዝ ጋር ተሰልፎ አንድ ሰዓት ሙሉ ኳስ ከአጥር ሥር ሲለቅም የሚውል ሰው ነው የሚዋረደው። ከእኩያው ጋር የገጠመ ደካማ ግን ከማንም በላይ ይዝናናል፤ 7 ለ 6 ያለቀ የደካሞች ጨዋታ ከ6 ለ 0 የጎበዝ ጨዋታ ይበልጥ ያስጮኻል። ደረጃ የሚያስፈልገው ለመኩራራት ሳይሆን ትክክለኛውን ተጋጣሚ ለማግኘት ነው።

“አገር ስንት ችግር እያለባት እናንተ ስለ ቴኒስ…” ይህን ተቃውሞ በየጽሑፋችን ሥር እናገኘዋለን፤ ለምደነዋል። አጭር መልስ፦ በጥቂት ካሬ ሜትር ሜዳ ላይ፣ በአራት መስመርና በአንድ ኳስ፣ ማን እንደሚበልጥ በሐቅ መናገር ካቃተን በትልቁ ነገር ላይ እንዴት ይሆንልናል?

አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ጠመኔ

ፌዴሬሽኑ አንድ ቀን ለሁሉም ተጫዋች ቁጥር ቢሰጥ ደስታችን ነው። እስከዚያ ግን ከጆተኒው እንማር። የምንጠይቀው አንድ ሰሌዳ ነው። አጥሩ ላይ ይሰቀል፣ ስም ከላይ ወደ ታች ይጻፍ። ማንም ሰው ከሱ በላይ ካሉት ሁለት ሰዎች አንዱን “ና ግባ!” የማለት መብት ይኑረው። አንድ ሴት ይጫወታሉ፤ ታችኛው ካሸነፈ ቦታ ይለዋወጣሉ። ውጤቱ ከነቁጥሩ ይጻፋል። ሁለት ጊዜ ተጠርቶ “ክንዴን አሞኛል” ያለ ሰው ያለ ጨዋታ ይወርዳል (የክንድ ሕመም በአንድ ወር ውስጥ ከከተማው እንደሚጠፋ እንወራረዳለን)።

አንድ ሕግ ብቻ አይነካም፦ በዚያ ሜዳ ላይ ራኬት የሚይዝ ሁሉ ስሙ ይጻፋል። አባሉም፣ አሠልጣኙም፣ ልጅቷም፣ ጋሼም፣ ኳስ ለቃሚውም። ለቃሚው ሦስተኛ ላይ ከወጣ ሦስተኛ ነው። ውድድር ሲመጣ ሦስተኛው ይጠራል፤ አራት ነጥብ።

በከተማዋ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በየሰፈሩ የስፖርት ሜዳ እየተሠራ ነው። ጥሩ ነው። ሜዳ ያለ ሰሌዳ ግን ውድ ፎቶ መነሻ ነው፤ ሰው ራኬት ይዞ ይነሣበታል፣ ይለጥፈዋል፣ ይሄዳል። ሲሚንቶው ላይ የወጣው ገንዘብ ላይ የአንድ ጠመኔ ዋጋ ጨምሩበት።

ሰሌዳው እስኪሰቀል ግን እናንተ ራሳችሁን መለካት ትችላላችሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስት ነገር ቁጠሩ። ሁለተኛ ሰርቫችሁ ከአሥር ስንቴ ገባ? ወደ ባክሃንዳችሁ ከመጡት አሥር ኳሶች ስንቱን መለሳችሁ? በስተመጨረሻም ከጋሼ ጋር ግቡና ስንት ጌም እንደወሰዳችሁ ጻፉ። ከዚያ ሰው “ቴኒስ ትችላለህ?” ሲላችሁ ቁጥሩን ንገሩት።

ቁጥሩ ካሳፈራችሁ ምንም አይደለም፤ ሁላችንም ከታች ነው የምንጀምረው። ከላይ ነኝ የሚለን ግን ካለ፣ ና ግባ!